ማን ለማን ይቃኛል?

ቅዳሜ ማታ ሦስት ሰዓት አልፏል። ያለሁት ሳን ሆዜ፣ የአንድ ወዳጄ ጋራዥ ውስጥ ነው። መኪናዋ ደጅ ልታድር ነው፤ በእሷ ቦታ ከበሮ፣ ሁለት ማጉያና ኮምፒውተር የተዘረጋበት ጠረጴዛ ተደርድሯል። ድምፅ እንዲውጥ ተብሎ ግድግዳው ላይ አሮጌ ምንጣፍ ተቸንክሯል። ወዳጄ ቀን ቀን የቺፕ መሐንዲስ ነው፤ ማታ ማታ ጊታር ይጫወታል። ዛሬ ከኦክላንድ ክራር የሚጫወት ልጅ ጠርቷል።

ልጁ ክራሩን ከጨርቅ ከረጢቱ አወጣ። ጆሮውን ወደ ክሩ አስጠግቶ፣ ቀንበሩ ላይ የተጠመጠመውን ጨርቅ በትንሽ በትንሹ እያዞረ ትዝታ ቃኘ። ብቻውን ሲጫወት ጋራዡ ውስጥ ያለነው ሁሉ ዝም አልን። ጊታሩ ሲከተለው ግን ነገር ተበላሸ። ለየብቻ ሲሆኑ ሁለቱም ደህና ናቸው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ጥርስ ያፋጫሉ።

«ክራሩ ወጥቷል» አለ ወዳጄ፣ ስልኩ ላይ የጫነውን መቃኛ እያሳየ።

«ኧረ የወጣውስ ጊታሩ ነው» አለ ባለ ክራሩ፣ ስልኩን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ።

ሁለቱም ልክ ነበሩ። የጊታር አንገት ላይ ያሉት ብረቶች ኦክታቭ የሚባለውን የድምፅ ርቀት በ12 እኩል ቦታ ይከፍሉታል፤ ፋብሪካው የወሰነው ነው፤ ፒያኖም ኪቦርድም እንዲሁ ነው። ክራር ግን የሚቃኘው በባለቤቱ ጆሮ ነው። የጎንደሩ አዝማሪ ትዝታ ብሎ የሚቃኛት ሦስተኛዋ ድምፅ ከፒያኖዋ በፀጉር ያህል ልትለይ ትችላለች፤ ያቺ የፀጉር ያህል ልዩነት ናት ልብን የምትወጋው። እንግዲህ ሁለቱ አብረው እንዲጫወቱ ከተፈለገ አንዱ ለሌላው መቃኘት አለበት። ማን ለማን?

ይህ ጥያቄ ከዚያ ማታ ወዲህ አልለቀቀኝም። በተለይ ስለ መክሊት ሀደሮ ልጽፍ በተቀመጥኩ ቁጥር ይመጣብኛል። ይህች ድምፃዊት፣ የዜማና የግጥም ደራሲና ጊታሪስት እዚሁ ቤይ ኤርያ (ሳንፍራንሲስኮ፣ ኦክላንድና ሳን ሆዜ ያሉበት አካባቢ) ስሟን የተከለችው ከትልልቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች ውጭ ነው፤ ፈረንጆቹ «ኢንዲ» በሚሉት መንገድ።

* * *

መክሊት እ.ኤ.አ. በ1980 አዲስ አበባ ተወለደች (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በስተቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ገና ሕፃን ሳለች ቤተሰቧ የደርግን ዘመን ሸሽቶ ወጣ። አሜሪካ ውስጥ ያደገችው በአይዋ፣ በብሩክሊንና በፍሎሪዳ ነው፤ በቆሎ ማሳ፣ የኒውዮርክ ሰፈርና የሞቃት ባሕር ዳርቻ በአንድ ልጅነት ውስጥ። ዬል ዩኒቨርሲቲ ገብታ የፖለቲካ ሳይንስ ተማረች። እዚህ ላይ የሐበሻ ወላጅ የሆነ አንባቢ በረጅሙ ይተነፍሳል፤ ዬል የገባች ልጅ መጨረሻዋ የታወቀ ነዋ። እሷ ግን በ2000ዎቹ አጋማሽ ሳንፍራንሲስኮ መጥታ መዝፈን ጀመረች። ሃያዎቹን ያጋመሰ ሰው ድምፅ መማር ሲጀምር ዘገየህ ይባላል። በትልቁ ገበያ ዓይን በእርግጥ ዘግይታለች፤ እዚያ ኮከብ የሚፈለገው በ17 እና በ18 ዓመቱ ነው። ኢንዲ የሚባለው መንገድ ግን ዕድሜ አይጠይቅም።

«ኢንዲ» ራሱን ከቻለ፣ ከማንም ካልተጠጋ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ያጠረ ነው። ትልቅ ኩባንያ ለዘፋኙ ገንዘብ ያበድራል፣ ያስቀርጻል፣ ሬዲዮ ላይ ያስወጣል። በምላሹ የቅጂው ባለቤት ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም ዘፈኑ ምን መምሰል እንዳለበት ይናገራል። ኢንዲው በራሱ ገንዘብ ወይም በትንሽ አሳታሚ ይሠራል። ገቢው ትንሽ ነው፤ የሚያዘው ሰውም እንደዚያው ትንሽ ነው። በኋላ ኢንዲ ሮክ፣ ኢንዲ ፎክ እየተባለ የሙዚቃ ዓይነት ስም ሆነ እንጂ አነሳሱ የገንዘብና የባለቤትነት ጉዳይ ነው።

ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ የተባሉ ሃያዎቹን ገና ያጋመሱ ወጣት የሸክላ ነጋዴ ሕጉን ተዳፍረው የአለማየሁ እሸቴን ሸክላ ውጭ አገር አሳትመው አስገቡ። እስር ቤት ሊገቡ ይችሉ ነበር፤ አልገቡም። እስከ 1975 ድረስ አምሃ ሪከርድስ ከ100 በላይ ባለሁለት ዘፈን ሸክላዎችና ወደ 12 የሚጠጉ አልበሞች አወጣ። ዛሬ ዓለም «የኢትዮጵያ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን» እያለ የሚሰማው ሙዚቃ ትልቅ ክፍሉ ያ ነው። ኢንዲ ማለት ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ሳን ሆዜም የራሷ አምሃ አላት። ማይክ ፓርክ የኮሪያ ስደተኞች ልጅ ነው። ስካንኪን ፒክል በተባለ ባንድ ውስጥ ከተጫወተ በኋላ በ1996 ኤዥያን ማን ሪከርድስን አቋቋመ፤ ከሳን ሆዜ ጥግ፣ በወላጆቹ ቤት ጋራዥ ውስጥ። በኋላ ስመ ጥር የሆኑት ሮከኞች አልካላይን ትሪዮ የመጀመሪያ አልበማቸውን ያወጡት ከዚያ ጋራዥ ነው። ወደ ሰሜን፣ በርክሌይ ውስጥ ደግሞ 924 ጊልማን የሚባል አዳራሽ አለ። በ1986 የመጨረሻ ቀን የተከፈተ፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚተዳደር፣ መጠጥ የማይሸጥበት ቤት ነው፤ ግሪን ዴይ የተባሉት ሮከኞች ያደጉት እዚያ ነው። ከትልቅ ኩባንያ ጋር ሲፈርሙ ግን ቤቱ በደንቡ መሠረት መድረኩን ከለከላቸው። ይሄን ሳስብ ትንሽ ያስቀኛል፤ ልጅህ ተምሮ ደመወዝ ሲያገኝ ከቤት እንደማባረር ነው። ግን ደንብ ደንብ ነው።

* * *

ትልቁን መንገድ የሞከረ ሐበሻ የለም እንዳይባል ስለ ኬና ላንሳ። ኬና ዘመድኩን በ1978 አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ አደገ፤ ሮክም ኤሌክትሮኒክም የሆነ፣ ለየት ያለ ሙዚቃ ይሠራል። የሙያው ሰዎች ድምፁን ሲሰሙ ይበረግጉ ነበር፤ ትልልቅ ኩባንያዎችም ተቀባበሉት። ዘፈኖቹ ግን ለሬዲዮ በሚደረገው የገበያ ጥናት ሲቀርቡ ውጤቱ ዝቅ ያለ ሆነ። ለጥቁር ሙዚቃ ጣቢያ ሮክ በዛበት፤ ለሮክ ጣቢያ ደግሞ ሌላ ነገር በዛበት። የመጀመሪያ አልበሙ ከብዙ መጓተት በኋላ በ2003 ወጣ። ማልኮም ግላድዌል በ2005 ባሳተመው «ብሊንክ» በተባለው መጽሐፉ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቶ የኬናን ጉዳይ መረመረው፤ ሰው እንግዳ ነገር ሲሰማ «አልወደድኩትም» የሚለው ብዙ ጊዜ ስላልለመደው ነው የሚል ነው ክርክሩ። ኬና ከጊዜ በኋላ ለግራሚ ታጨ፤ ለንጹሕ ውኃ ገንዘብ ለማሰባሰብ ኪሊማንጃሮ ወጣ። በሙዚቃው ግን የሚገባው ቦታ ደርሷል ብዬ አላምንም። ሬዲዮው ለሱ አልተቃኘም፤ እሱም ለሬዲዮው እምቢ አለ።

መክሊት በዚህ በኩል አልሄደችም። የጀመረችበት ቤት ሳንፍራንሲስኮ ሚሽን ሰፈር፣ ፎልሰምና 23ኛ መንገድ የሚገናኙበት ጥግ ላይ ነው። ሬድ ፖፒ አርት ሃውስ ይባላል። ትልቅ አዳራሽ እንዳይመስላችሁ፤ ድሮ ሱቅ የሚሆን ዓይነት መንገድ ዳር ያለች አንድ ክፍል ናት። ጥቂት ደርዘን ወንበሮች ከተደረደሩ የሰው ጉልበት ዘፋኙ እግር ሥር ይደርሳል። በእንዲህ ያለ ቤት መሳሳት አይደበቅም፤ ሰው ሲያዛጋ ይታያል፤ ግጥሙ ሲገባውም ይታያል። መክሊት እዚያ መዝፈን ብቻ ሳይሆን ቤቱንም በዳይሬክተርነት አስተዳድራለች። ማን መድረክ ላይ ይውጣ፣ በሩ ላይ ስንት ይከፈል፣ ወንበሩን ማን ያንሳ የሚለውን ታውቀዋለች ማለት ነው። ሙዚቀኛ ይህን ሲያውቅ ሌላ ሰው ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

የመጀመሪያ ሙሉ አልበሟ በ2010 ፖርቶ ፍራንኮ ከሚባል የሳንፍራንሲስኮ ትንሽ አሳታሚ ወጣ። በውስጡ በእንግሊዝኛ ራሷ የጻፈቻቸው ዘፈኖች አሉ፤ ኒና ሲሞን ያነገሠችው አንድ የቆየ ዘፈን አለ፤ «አባይ ማዶ» የተባለው የኛ ዘፈንም አለ። በለሆሳስ፣ ጊታርና ጃዝ አጅቧት ትዘፍነዋለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማው የተሰማኝን ልናገር፤ ጎበዝ፣ ግን የሆነ ሰው ቤት ያለ ፎቶ እንደማየት፣ የራሴ እየሆነ የራሴ ያልሆነ ነገር መሰለኝ። አሁን እንደዚያ አልሰማውም። ያኔ ለኔ ጆሮ ካልተቃኘሽ ብዬ እየጠየቅኋት ነበር።

* * *

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ላብራራ፤ የብዙዎቻችን ግራ መጋባት ከሱ ስለሚመጣ። ፕሮዲዩሰር። እኛ አገር በካሴቱ ዘመን ፕሮዲዩሰር ማለት ገንዘብ የሚያወጣው ሰው ነበር፤ መርካቶ ሱቅ ያለው፣ ዘፋኙን የሚያስፈርመው፣ ካሴቱን የሚያባዛው። ሙዚቃውን የሚሠራው ደግሞ አቀናባሪው ነው፤ እነ አበጋዝ ክብረወርቅ ሺዎታ፣ እነ ኤልያስ መልካ። አሜሪካኖቹ ፕሮዲዩሰር የሚሉት ለኛ አቀናባሪ ወደምንለው ይጠጋል፤ ሆኖም እሱም ብቻ አይደለም። ማይክሮፎኑ ከአፍ ስንት ጣት ይራቅ፣ ከበሮው እንጨት ወለል ላይ ይሁን ወይስ ምንጣፍ ላይ፣ ከአምስቱ ቅጂ የቱ ይያዝ፣ ዘፋኟ ስትደክም ሻይ ይፈላ ወይስ «አንድ ጊዜ ድገሚው» ይባል የሚለውን የሚወስን ሰው ነው። ባጭሩ ማን ለማን እንደሚቃኝ የሚወስነው እሱ ነው።

አበጋዝን ካነሳሁ አይቀር፣ እሱም የኢንዲ ልጅ ነው። በ1984 ዋሽንግተን ውስጥ ከሄኖክ ተመስገንና ከቴዎድሮስ አክሊሉ ጋር «አድማስ» በሚል ስም በራሳቸው ያሳተሙት ሸክላ ያን ጊዜ ብዙ ሰው አልሰማውም። በ2020 ሌላ ትንሽ አሳታሚ እንደገና ሲያወጣው ግን በዓለም ዙሪያ የሸክላ አሳዳጆች ተሻሙበት። ኤልያስ መልካም በ2019 ከማረፉ ጥቂት ወራት በፊት ከጓደኞቹ ጋር «አውታር» የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ አስጀምሯል፤ ዘፋኙ ያለ ደላላ ሥራውን እንዲሸጥ።

መክሊት በ2014 ላወጣችው «ዊ አር አላይቭ» ለተባለው አልበም የመረጠችው ፕሮዲዩሰር ኢላይ ክሩስ ነበር። ኦክላንድ ውስጥ ኒው ኢምፕሩቭድ ሪኮርዲንግ የተባለውን ስቱዲዮ የመሠረተው ሰው ነው። ከሱ ጋር የሠሩትን ለሚያውቅ ምርጫው ብዙ ይናገራል። ሜሪል ጋርበስ ቲዩን ያርድስ በሚለው ስሟ በ2011 ያወጣችው አልበም የዚያ ስቱዲዮ ውጤት ነው፤ የገዛ ድምፅዋን በእግሯ ፔዳል እየያዘች፣ እየደራረበች፣ ከበሮውን ጥሬውን ትታ የሠራችው። ያ ጥሬነት በመክሊት ሥራም ይሰማል። አልበሙ ውስጥ «ከመከም» አለ፤ ጎፈሬን የሚያወድሰው የቆየ ዘፈን። ለአማርኛ ሰሚ ከመከም ሲባል ወዲያው የሚታየው ክብ ብሎ የተበጠረ፣ ሚዶ የተሰካበት ፀጉር ነው። ኦክላንድ ደግሞ የጥቁር ፓንተሮች መነሻ ናት፤ እዚያ ጎፈሬ የፖለቲካ ባንዲራ ነበር። አንዱ ዘፈን ሁለት ታሪክ ነካ። በዚህ አካባቢ የምትኖር ሐበሻ ካልሆነች ማን ያገናኘዋል?

ከሁሉ የሚገርመኝ ሥራዋ ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። በ2012 ከሲያትሉ ራፐር ገብርኤል ቴዎድሮስና በርንትፌስ በሚል ስም ከሚታወቀው ኤልያስ ፉልሞር ጋር ሆነው ኮፐርዋየር የሚባል ቡድን አቋቁመው አንድ አልበም አወጡ። ታሪኩ በ2089 የሚሆን ነው፤ ሦስት ሽፍቶች የጠፈር መርከብ ጠልፈው ወደ ምድር ይመጣሉ። ሂፕሆፕ ነው፣ ልብ ወለድ ነው፣ ቀልድም አለበት። ከኬፕለር የጠፈር ቴሌስኮፕ የተገኘ የከዋክብት ብርሃንም ወደ ድምፅ ተቀይሮ ገብቶበታል።

ይህ እንዴት ይሆናል ለሚል፦ ከሳን ሆዜ ብዙም ሳይርቅ ሞፌት ፊልድ ላይ ናሳ ኤምስ የተባለ የምርምር ማዕከል አለ። በ2009 የመጠቀው ኬፕለር ሳይንሳዊ ሥራው የተመራው ከዚያ ነው። ሥራው ከ150,000 በላይ ከዋክብትን ሳያርፍ ማየትና ብርሃናቸው ሲቀንስ መመዝገብ ነበር። መሬትን የምታህል ፕላኔት ፀሐይን በመሰለ ኮከብ ፊት ስታልፍ የምትጋርደው ብርሃን ከ10,000 እጅ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። የብርሃኑ ከፍታና ዝቅታ በወረቀት ላይ ሲሣል ማዕበል ይመስላል። ማዕበል ከሆነ ደግሞ ይደመጣል፤ ቀናትና ሳምንታት የፈጀውን እጅግ አፍጥኖ ጆሮ ወደሚሰማው ክልል ማምጣት ነው። የሚወጣው አንዱ ኮከብ ያጉረመርማል፣ ሌላው ያፏጫል። ልክ እንደ ክራሩ፣ ማንም ለፒያኖ ያልቃኘው ድምፅ። ሙዚቀኞቹ ለኮከቡ መቃኘት ነበረባቸው።

* * *

በ2011 መክሊት አዲስ አበባ ውስጥ ሥራዋን ስታቀርብ ሙላቱ አስታጥቄ አገኟት። ይህን ታሪክ ራሷ ደጋግማ ትናገረዋለች። ሙላቱ በ1960ዎቹ ቦስተን፣ በርክሊ ኮሌጅ የተማሩ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ናቸው፤ የኢትዮጵያን ቅኝት ከላቲንና ከጃዝ ጋር አጋብተው ኢትዮ ጃዝ ያሉትን የፈጠሩ ሰው። ያሏት ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ እኛ የሠራነውን እንደገና መሥራት ምን ያደርጋል፤ ያንቺ ድርሻ ምን እንደሆነ ፈልጊ። ከሽማግሌ እንዲህ ያለ ቃል ሲወጣ ምርቃትም ነው፣ የቤት ሥራም ነው። የቤት ሥራው ዓመታት ፈጀ።

በዚያው በ2011 መክሊት ከግብፃዊው የሙዚቃ ተመራማሪ ከሚና ገርጊስ ጋር ናይል ፕሮጀክትን መሠረተች። ሁለቱም የሚኖሩት ቤይ ኤርያ ነበር፤ አንዷ ከዓባይ ምንጭ አገር፣ አንዱ ከአፉ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የህዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ ተጥሎ ነበርና ጊዜው ስለ ዓባይ በዜማ የሚወራበት አልነበረም። በ2013 መጀመሪያ የተፋሰሱን አገሮች ሙዚቀኞች አስዋን ላይ ሰበሰቡ፤ ከኛ ሳክስፎኒስቱ ጆርጋ መስፍንና የጎንደሯ ሰላምነሽ ዘመነ፣ ከሱዳን አልሳራ፣ ከግብፅ ዲና ኤል ወዲዲ፣ ከቡሩንዲ ስቲቨን ሶጎ ከመጡት መሀል ነበሩ።

የጋራዡ ጠብ እዚያ በትልቁ ተነሳ። የዓረቦቹ ቅኝት፣ መቃም፣ ከኛ ድምፆች መሀል ለመሀል የሚወድቁ ሩብ ድምፆች አሉት። የኛ ቅኝት አምስት ድምፅ ብቻ ነው። ባቲና አንቺሆዬ ደግሞ ለየብቻቸው የራሳቸው ጠባይ አላቸው። የግብፁ ሲምሲሚያና የሱዳኑ ጠምቡራ የክራር የቅርብ ዘመዶች ናቸው፤ ዘመድነታቸውን ግን ሲቃኙ አያሳዩም። ፖለቲከኞች በሜትር ኩብ የሚከራከሩበትን ነገር ሙዚቀኞች በግማሽና በሩብ ድምፅ ተከራከሩበት። ከሰማሁት ቅጂ እንደምፈርደው፣ ያዋጣቸው አንዱን ቅኝት ለሁሉም መጫን አልነበረም፤ አንዱ ሲዘፍን ሌላው ዝም ብሎ እስኪገባው መጠበቅ ነው። በዓባይ ጉዳይ የተደረገ ድርድር ሁሉ እንዲህ ቢሆን ብዬ ልመኝ አልኩና ተውኩት።

በ2015 ደግሞ መክሊት ቴድ በተባለው የንግግር መድረክ ላይ ወጥታ ስለ ዕለት ተዕለት ድምፆች ተናገረች፤ ስለ ወፍ፣ ስለ ድስት ክዳን፣ ስለ ዝምታ፣ ስለ አማርኛ ንግግርም። አማርኛ ሲነገር ዜማ አለው ትላለች። እውነቷን ነው። «እንዴ!» የምትለውን ቃል በሉና ስሙት። ስትገረሙ ሽቅብ ይወጣል፣ ስትቆጡ ወደ ታች ይወርዳል፣ ስትሽኮረመሙ መሀል ላይ ይንከባለላል። አማርኛ እያዳመጥን አድገን ይህን ሳንሰማ የቀረነው ውስጡ ስለነበርን ነው። የአማርኛን ዜማ ለመስማት አንዳንዴ አይዋ ማደግ ሳያስፈልግ አይቀርም።

* * *

እንዲህ ሲባል መንገዱ ሁሉ ብርሃን እንዳይመስል። ቤይ ኤርያ የቴክኖሎጂ ገንዘብ ያለቀበት ቀን የለም፤ ኪራዩም አብሮ ሽቅብ ነው። ሳንፍራንሲስኮ ሙዚቀኛን ወደ ኦክላንድ ገፋች፤ ኦክላንድም ተራዋን መግፋት ጀመረች። ጆን ቫንደርስላይስ የተባለው የኢንዲ ሮክ ሙዚቀኛና ፕሮዲዩሰር በ1997 ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ ታይኒ ቴሌፎን የሚባል፣ በቴፕ የሚቀርጽ ስቱዲዮ ከፈተ። ሙዚቀኛ በሚችለው ዋጋ ይሁን ብሎ ነው የጀመረው። በኋላ ኦክላንድ ውስጥ ሁለተኛ ከፈተ፤ በ2020 የሳንፍራንሲስኮው ተዘጋ። ኦክላንድ ውስጥ ደግሞ ዲሴምበር 2 ቀን 2016 ማታ የሙዚቃ ዝግጅት ላይ የነበሩ 36 ሰዎች ጎስት ሺፕ በተባለ መጋዘን እሳት ሞቱ። መጋዘኑ ለመኖሪያም ለመድረክም የተፈቀደ አልነበረም። አርቲስቶች እዚያ ያደሩት ሌላ የሚችሉት ቤት ስላጡ ነው። በዚያ ሰሞን ኦክላንድ ውስጥ ሻማ ያልበራበት ጥግ አልነበረም።

በ2017 የወጣው የመክሊት አልበም ርዕሱ ሲተረጎም ሕዝብ ሲንቀሳቀስ ሙዚቃውም ይንቀሳቀሳል እንደማለት ነው። አሳታሚው ሲክስ ዲግሪስ የሳንፍራንሲስኮ ነው። ፕሮዲዩሰሩ ዳን ዊልሰን ነው፤ ሰሚሶኒክ የተባለው የሮክ ባንድ መሪ፣ ከአዴል ጋርም በዓለም የተሰማ ዘፈን የጻፈ። ከኒው ኦርሊንስ የፕሪዘርቬሽን ሆል ነፋሾች፣ ከአዲስ አበባ ፒያኒስቱ ሳሙኤል ይርጋ፣ ቫዮሊኒስቱ አንድሩ በርድ ተሳትፈዋል። የሙላቱ የቤት ሥራ መልስ ይኸው ይመስለኛል። ነፋሾቹ የኒው ኦርሊንስ ቀብር ላይ እንደሚነፋው ይነፋሉ፤ የሚሄዱበት መንገድ ግን የኛ ቅኝት ነው። በስድሳዎቹ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ክብር ዘበኛ ነፋሾች ያደረጉትን የሚመስል፣ ግን ያልሆነ።

ያን አልበም ፍለጋ አንድ ቀን ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ሄድኩ። ጎዳናው ከኦክላንድ ይነሳና በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ያልቃል፤ ታችኛውን ግማሽ ሐበሻ በአፍንጫው ያውቀዋል፣ ወጥ ሲቁላላ፣ ቡና ሲቆላ። ላይኛው የመጻሕፍትና የሸክላ ነው። አንድ ሙዚቃ ቤት ገብቼ ጠየቅሁ።

«ጃዝ ነው?» አለኝ ክንዱን ንቅሳት የሸፈነው ሻጭ።

«አለበት።»

«ፎክ?»

«ትንሽ።»

«ሮክስ?»

ከበሮውን አሰብኩና «አንዳንዴ» አልኩት። ሳቀና «የዓለም ሙዚቃ» የሚል ጽሑፍ ወደተለጠፈበት ጥግ ወሰደኝ። እኛ ከእንግሊዝ እስከ ብራዚል ያለውን ሁሉ «የፈረንጅ ዘፈን» እንደምንለው እነሱም የቀረነውን ሁሉ አንድ ላይ ያጎሩበት ቦታ ነው። ከማሊ ጊታርና ከብራዚል ሳምባ መሀል ፈልጌ አጣሁት። ልወጣ ስል የወጪ ወራጁን ዓይን ለመሳብ በር ላይ በተቀመጠ ካርቶን ውስጥ፣ ምንም ጽሑፍ በሌለበት፣ አየሁት።

ከዚያ አልበም ወዲህ መክሊት የርባ ቡዌና በተባለው የሳንፍራንሲስኮ የጥበባት ማዕከል የዝግጅቶች ኃላፊ ሆና ሠርታለች፤ ስለ ስደትና ሙዚቃ «ሙቭመንት» የተባለ የሬዲዮና የፖድካስት ዝግጅት ታቀርባለች። በ2025 ደግሞ የኢትዮጵያ ባሕላዊ ዘፈኖችን እንደገና የሠራችበት አልበም ከስሚዝሶኒያን ፎክዌይስ ወጣ። ፎክዌይስ በ1948 የተቋቋመ ነው፤ አንድ ጊዜ ያሳተመውን ፈጽሞ ከገበያ አላወጣም በማለት ይታወቃል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሃሮልድ ኮርላንደር ከኛ አገር የቀዳውን ዜማ ያሳተመው ይኸው ድርጅት ነው። ያኔ ማይክሮፎኑን የያዘው እንግዳ ነበር።

* * *

ወደ ጋራዡ ልመለስ። ክርክሩ አላለቀም ነበር። የወዳጄ እናት በሩን ገፋ አድርገው ቡና በትሪ ይዘው ገቡ።

«እናንተ ልጆች፣ አሁንም አልጨረሳችሁም?»

«እየቃኘን ነው እማዬ።»

«ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ?» ወደኔ ዞሩ። «ይሄ ነገር እንጀራ ይሆናል ትላለህ ልጄ?»

«ለጊዜው ቡና ሆኗል እትዬ» አልኳቸው። ሳቁና ሲኒ ሰጡኝ።

ባለ ክራሩ ሲኒውን ከበሮው ላይ አስቀምጦ አንድ ነገር አሳየን። የጊታር ተማሪ መጀመሪያ የሚማረውን፣ የሮክ ሶሎ ሁሉ የሚወጣበትን ባለ አምስት ድምፅ ስኬል ወዳጄ እንዲጫወተው ጠየቀው። ከዚያ ሳያቋርጥ እያጀበው፣ ማረፊያውን ብቻ ወደ ሁለተኛው ድምፅ አዛወረበት። ትዝታ ሆነ። ድምፆቹ እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው ቤቱ የትኛው ነው የሚለው ብቻ ነው። ወዳጄ ለሃያ ዓመት ሲጫወተው የኖረ ነገር ነው። ጊታሩን አቅፎ ትንሽ ዝም አለ።

ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ጊታሩን ወደ ክራሩ ይቃኝ ጀመር፤ አንድ ክር፣ ሌላ ክር፣ ባለ ክራሩ «ትንሽ ውረድ፣ አዎ፣ አዎ» እያለው። ስድስቱም ሲያልቁ አብረው መቱት። ጥርስ ማፋጨቱ ጠፋ። ጠረጴዛው ላይ የስልኩ መቃኛ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ሆኖ ይብለጨለጫል፤ ማንም አላየውም።